የሌለው ጠረጴዛ

ሬሳውን ያገኘው ቀለም ቀቢው ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ገና ሳይሞላ፣ የደረቀ ብሩሹን ሊያጥብ ወደ ጓሮ ወጣ። ቤቱ ለቅዳሜ ባዶ ሆኖ፣ ተቀብቶና ተወልውሎ ለገዢው መድረስ ስላለበት ግቢውን የሚጣል ዕቃ ሞልቶታል። የድሮው ደረቅ ጉድጓድ አጠገብ ሲደርስ አፉ ላይ ተጋድሞ የነበረው ቆርቆሮ ወደ ጎን ተስቦ አየና ጎንበስ አለ።

«መጀመሪያ የተጣለ ካፖርት መስሎኝ ነበር» አለ ለፖሊሶቹ። «በኋላ ሳየው ካፖርቱ ጫማ አድርጓል።»

ከታች ያሉት የቤቱ ባለቤት ነበሩ፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ። በቀኝ ጎናቸው ወድቀዋል። ግራ እጃቸው ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ በር ሊገፋ እጁን እንደሰነዘረ ሰው።

ምርመራውን የያዘው ኢንስፔክተር ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር የቀረው፣ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ቀስ» ይሉታል፤ ከአፉ የማትጠፋ ቃል ስለሆነች። አብራው የመጣችው ሳጅን ግን ቀስ ማለት አልፈጠረባትም።

«አለቃ፣ ዓይነ ስውር ሰው፣ ክፍት ጉድጓድ። ሠራተኞቹ ትናንት የሲሚንቶ ክዳኑን አንስተው ዛሬ አፈር ሊሞሉት ነበር። ቆርቆሮውን በደንብ አልጫኑትም። አደጋ ነው፤ እንፈርምና እንሂድ።»

«ቀስ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሬሳው ወጥቶ አንሶላ ላይ ሲጋደም ኢንስፔክተሩ ቀኝ መዳፉን ገለጠው። ከአውራ ጣት ሥር እስከ ትንሿ ጣት ድረስ ክሬም የዘይት ቀለም ነክቶታል፤ ገና ይጣበቃል።

«ቤቱ እኮ ሙሉ ቀለም ነው» አለች ሳጅኗ። «እኔም ክርኔን ተቀብቻለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ግቢው ዞሯል። ከጓሮው በር እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ በወገብ ቁመት የተወጠረውን ገመድ እያየ ነበር። ሽማግሌው በየቀኑ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀኝ እጃቸውን ገመዱ ላይ አድርገው ሃያ ሁለት እርምጃ ይሄዳሉ፤ ገመዱ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ካለ የብረት ቀለበት ላይ ታስሮ ያልቃል። ጉድጓዱ ያለው ከዚያ በስተግራ አሥር እርምጃ ርቆ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገመዱን ያልለቀቀ ሰው ዛሬ ምን ነክቶት ለቀቀው?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

*

ቀለም ቀቢው ስንፍናን እንደ ሙያ የያዘ ሰው ነው። ሊቀባ ሲነሳ ምንም ዕቃ አያነሳም፣ ምንም አይፈታም፤ ያገኘውን ባገኘበት ይቀባዋል። ሚስማሩን፣ የመብራት ማብሪያውን፣ ሳሎን መስኮት ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ዝንብ ከነክንፏ ቀብቷታል።

ሳሎኑ ባዶ ነው። ከአንዲት የእንጨት ወንበር በቀር ዕቃው ሁሉ ወጥቷል። አዲስ በተቀባው ግድግዳ ላይ ግን በወገብ ቁመት አንድ ጠቆር ያለ መስመር ይታያል። ከበሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ይሄዳል።

«ይሄ ምንድነው?»

«የአባባ እጅ ነው» አለ ቀለም ቀቢው። «ሠላሳ ዓመት ግድግዳውን ዳብሰውታል። የእጅ ወዝ ነው። ሦስት ጊዜ ቀባሁት። ማታ ንጹህ አድርጌ ትቼው እሄዳለሁ፤ ጠዋት ስመጣ ተመልሶ ወጥቶ አገኘዋለሁ።» በብሩሹ ጠቆመ። «ትናንት እስከዚያ ድረስ ነበር። ዛሬ እዚህ ደርሷል።»

«ወዝ ነው ብለሃል እኮ።»

«ወዝማ ነው። ግን ወዝ አይራመድም።»

ኢንስፔክተሩ መስመሩን በጣቱ ሊነካው አሰበና ተወው። «መጸዳጃ ቤቱን መቼ ቀባህ?»

«ትናንት ማምሻውን። ግድግዳውን፣ በሩን፣ ቀለበቱን፤ ሁሉንም በዘይት ቀለም። እስከ ዛሬ ማታ አይደርቅም።»

«ቀለበቱን ስትቀባ ገመዱን ፈታኸው?»

ሰውዬው እንደ ተሰደበ ሆነ። «እኔ? እኔ ምንም አልፈታም። ቋጠሮውን ከነቀለበቱ ቀባሁት። ገመዱንም አንድ ክንድ ያህል ብሩሹ ሳይደርሰው አልቀረም።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ጓሮ ተመለሰ። የመጸዳጃ ቤቱ በር እንደ ወተት ያበራል፤ አንድም የጣት አሻራ የለበትም። ቀለበቱ ላይ ያለው ቀለም ተላልጧል። ቋጠሮው ግን ቀለም ያልነካው የገመዱ ትርፍ ጫፍ ነው። ክሬሙ ቀለም ከቋጠሮው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ተጨማዶና ተሰነጣጥቆ ይታያል፤ ቀድሞ የነበረ ቋጠሮ የተፈታበት ቦታ።

ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ከጉድጓዱ ባሻገር፣ ጠርዙ ላይ፣ ልብስ ይሰጣበት የነበረ የብረት ምሰሶ ቆሟል። በወገቡ በኩል ክሬም ቀለም አለበት። ይህንን ምሰሶ ቀለም ቀቢው አልቀባውም።

ሳጅኗ ሁለቱን ነገር አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ አለች። «አንድ ሰው ገመዱን ከቀለበቱ ፈትቶ ምሰሶው ላይ አሰረው። ቆርቆሮውን ሳበው። ሽማግሌው ገመዳቸውን ይዘው መጡ።»

«ገመዳቸውንም አልለቀቁም» አለ ኢንስፔክተሩ። «እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ይዘውት ሄዱ። ከዚያ ያው ሰው ገመዱን ወደ ቀለበቱ መለሰው። ጨለማ ስለነበረ ቀለሙን አላየም።»

*

ቤቱን ያሻሻጠው ደላላ እጁን አጣምሮ በር ላይ ሲጠብቃቸው ነበር።

«በመጀመሪያ፣ እግዜር ያጥናችሁ» አለ ለፖሊሶቹ። «በሁለተኛ ደረጃ፣ ለቅዳሜ ይደርሳል?»

«ምኑ?»

«ቤቱ ነዋ። ገዢዬ ዕቃውን ጭኖ ነው የሚመጣው። ካልሆነ ሌላ ቤት አይቷል።»

«ሽማግሌው መሸጡን ይፈልጉት ነበር?»

«የት ፈልገው። ልጆቹ ስንት ጊዜ ለመኗቸው። ሰኞ ዕለት እኔ ፊት ፈረሙ። ሲፈርሙ ምን አሉ መሰለህ? ‹ይሄ ቤት ዓይኔ ነበር፤ ዓይኔን ሸጣችሁት። እንግዲህ በአዲሱ ቤት ዓይኔ ልጄ ናት። አንድ እርምጃ አትርቀኝም።›»

«ልጅቷ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? እስክሪብቶውን ከእጃቸው ተቀብላ ክዳኑን ገጠመችው።»

«ዛሬ ንጋት ላይ አንተ የት ነበርክ?»

«ከተማው ዳር ሌላ ቤት ሳሳይ። ገዢው ፀሐይ ስትወጣ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ካላየሁ አልገዛም ብሎኝ። አብረን ቆመን ፀሐይ ጠበቅን። ደመና ነበር።»

ሳጅኗ ስልክ ደውላ አረጋገጠች። እውነትም ደመና ነበር።

*

ወንድ ልጃቸው ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር። አባቱ ዓይናቸው ሲጠፋ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እናቱ ቀድማ ሞታ ስለነበረ አክስቱ ወስዳ ሌላ ከተማ አሳደገችው። ወደዚህ ቤት የመጣው ለሽያጩ ነው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት። ትናንት ማታ በቤቱ ውስጥ ከአባቱ ጋር ያደረው እሱ ብቻ ነው። ቀለም ቀቢውን ሲያግዝ ስለሰነበተ ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ክሬም ነው።

«ምንም አልሰማሁም» አለ። «ደክሞኝ ነበር። ስተኛ ሬሳ ነኝ።» ያለውን ሲሰማው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

የተቀመጠበት ክፍል ወለል ላይ መዶሻ፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ፣ አንድ እግር ካልሲና የሲጋራ ቁራጭ የሞላው ጣሳ ተበትኗል። ሳጅኗ ስትገባ መዶሻው አደናቀፋት። ስትወጣም ያው መዶሻ አደናቀፋት።

«አባትህ በዚህ መሃል እንዴት ይሄዱ ነበር?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ይቆጡኝ ነበር። ‹ያነሳኸውን ከነበረበት መልስ› ይሉኛል፣ በቀን አሥር ጊዜ። እትዬ ከኋላዬ እየዞረች ትሰበስብልኛለች። እኔ እኮ በዚህ ቤት ሕግ አላደግኩም።»

ሲጨርስ ተነስቶ ሳሎኑን አቋርጦ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ።

*

ሴቷ ልጃቸው አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ሰፊ። ስትገባ ኢንስፔክተሩ በዓይኑ ተከተላት። ከበሩ ወደ መስኮቱ ቀጥታ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። እሷ ግን ሦስት እርምጃ ሄዳ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ባዶውን ወለል በሰፊው ዞረችና መጣች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። መዞሯንም ያወቀች አትመስልም።

«እዚህ መሃል ምን ነበር?» አላት።

«የምግብ ጠረጴዛ። ማክሰኞ ወጣ። ለምን?»

«እንዲያው።» ወንበሯን ወደ ራሱ ሳበና ተቀመጠ። «ስለ አባትሽ ንገሪኝ፣ እህቴ።»

ነገረችው። አባቷ ዓይናቸው ሳይጠፋ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ሲጠፋ ቤቱን መጋዘን አደረጉት፤ ማንኪያው፣ ጫማው፣ ቁልፉ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ አለው። እሷ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ወንበር አንድ ጣት ከተነቃነቀ አባቷ ይወድቃሉ። አንድ ጊዜ ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሯል። «ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አንቀሳቅሼ አላውቅም» አለች። ገመዱን የወጠሩት አባቷ ራሳቸው ናቸው። ጫፉ ላይ ሦስት ትንንሽ ቋጠሮ ቋጥረውበታል። እጃቸው ሦስቱን ሲቆጥር ግራ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ይገፋሉ።

«ትናንት ማታ የት አደርሽ?»

«አዲስ በተከራየሁት ቤት። ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያ ነኝ፤ እያሰናዳሁ። የግቢው በር ማታ ይቆለፋል፤ አከራይዋ ናት የምትከፍተው፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ጠይቋት።»

ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ተነሳ። እሷም ሳታስበው እጇን ዘርግታ ወንበሯን ገፋ አደረገቻት። አራቱ እግሮች በወለሉ የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ በዘመናት ብዛት ከሰረጎዱ አራት ጉድጓዶች ውስጥ ገቡ። ወደ ታች አላየችም።

*

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው አዛዥ ደወለ። «ልጁ እዚያው አድሯል፣ እጁ ቀለም ነው፣ ቤቱ እንዲሸጥ ይፈልጋል። ሌላ ምን ፈልገህ ነው?»

«ትንሽ ቀስ ብንል።»

«አንተ ቀስ በል፣ ልጁ ግን ጣቢያ ይደር።»

ልጁን ወሰዱት። እጁን ሲያስሩት «እትዬ፣ ለአክስቴ ደውዪላት» ብቻ አለ። እህቱ በር ላይ ቆማ አየችው። እጇ የበሩን መቃን ይዟል፤ ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ።

ኢንስፔክተሩ ግን ወደ ጓሮ ሄደ። ገመዱን ፈትቶ ምሰሶው ላይ አሰረ፤ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ክዳኑ አስከደነ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቀኝ እጁን ገመዱ ላይ አድርጎ ሄደ። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። ዓይኑን ሲጨፍን ግቢው የሰፋ መሰለው፤ የሆነ ሰው ከፊቱ ትንፋሹን ይዞ የቆመም መሰለው። አንድ ቋጠሮ። ሁለት። ሦስት። ግራ እጁ ሳይታዘዝ ተዘረጋ፤ እግሩ ከሥሩ የሲሚንቶውን ክዳን ረገጠ።

ዓይኑን ገለጠ። ከፊቱ የቆመችው ሳጅኗ ናት።

«ልጁ ነው ብለህ አታምንም» አለችው።

«እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ። ገዳዩ ገመዱን ምሰሶው ላይ ትቶት ቢሄድ ኖሮ ምን እንል ነበር?»

አሰበች። «ሠራተኞቹ ልብስ ሊያሰጡ፣ ወይ ቀለም ቀቢው ሊሠራ አዛወሩት እንል ነበር። አደጋ ነው ብለን እንፈርም ነበር።»

«መተዉ ነበር የሚያዋጣው። መመለሱ ነው ያጋለጠው። እንግዲህ ሥራውን ጨርሶ፣ ሰው ገድሎ፣ በጨለማ ቆሞ ያነሳውን ከነበረበት የሚመልስ ሰው ማነው?»

ሳጅኗ መዶሻው ሁለት ጊዜ ያደናቀፈውን እግሯን አየች። «ልጁ አይደለም» አለች።

*

አከራይዋ ወሬ የጠማት ባልቴት ነበረች። ቤቷ ውስጥ አንድም ዕቃ ቦታው ላይ የለም፤ ድስቱ አልጋው ላይ፣ መነጽሯ ዳቦ ሳጥን ውስጥ።

«የግቢውን በር ዛሬ ስንት ሰዓት ከፈቱት፣ እናቴ?»

«አሥራ ሁለት። ልጅቷም ስከፍት ደረጃው ላይ ቆማ እንዴት አደሩ ብላኛለች። ጨዋ ናት። ቁልፉም ከእኔ እጅ አይወጣም።»

«የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«እንጃ፤ የወደቀበት ነዋ። ልጅቷ ግን ገና በመጣች ቀን ‹የቁልፉ ቦታ የት ነው?› አለችኝ። ‹ቦታው ያ ሚስማር ነው፣ ሰቅዬበት ግን አላውቅም› ብያት ሳቅን።» ባልቴቷ ወደ ሚስማሩ ዞረች። «ዛሬ ጠዋት ግን ሚስማሩ ላይ አገኘሁት። እርጅና ነው አልኩ፤ ሰቅዬው ረስቼ ይሆናል።»

ኢንስፔክተሩ ቁልፉን በመሐረብ ያዘው። ጭንቅላቱ ላይ ክሬም የአውራ ጣት አሻራ ደርቆበታል።

ሊወጣ ሲል ዞር አለ። «አባቷ መቼ እንደሚገቡ ነግራዎት ነበር?»

«አባቷ?» ባልቴቷ ግራ ተጋባች። «አባቷማ ሞተዋል። ቤቱን ስትከራይ ነው የነገረችኝ። ለአንድ ሰው ነው የተከራየችው፤ አልጋም ያስገባችው አንድ ነው።»

«መቼ ነው ይህንን ያለችዎት?»

«ማክሰኞ።»

ሳጅኗ በጣቷ ቆጠረች። ማክሰኞ ማታ ሽማግሌው ራታቸውን በልተው ነበር።

*

ዓርብ ከሰዓት የሽማግሌው ሴት ልጅ ስትጠራ መጣች። ቀለም ቀቢው ሄዷል። መስመሩ ሌሊቱን መስኮቱን አልፎ መኝታ ክፍሉ ድረስ ወጥቷል። እሷ እንደ ልማዷ ሦስት እርምጃ ሄዳ፣ የሌለውን ጠረጴዛ ዞራ መጣችና ቆመች።

ኢንስፔክተሩ ቁልፉን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው።

ቁልፉን አየችው። ከዚያ «ሚስማሩ ላይ ነበር መሆን ያለበት» አለች።

«አዎ። እሱ ነው ችግሩ።»

«ወንድሜ እንዴት አደረ?»

«ቁጭ ብሎ።»

አንገቷን ነቀነቀች። «ሠላሳ ዓመት በጣቴ ስቆጥር ኖርኩ» አለች። አነጋገሯ የልብስ ልክ እንደምትናገር ሰው ነው። «ቤቱ ሲሸጥ ያልቃል ብዬ ነበር። እሳቸው ደግሞ ቤቱን ለቀው እኔ ውስጥ ሊገቡ ሆነ። አዲስ ቤት በዚህ ዕድሜ አይለምዱትም። እኔን ነው የሚይዙት። ግድግዳውም ገመዱም ወንበሩም እኔ ልሆን ነው።»

«ትተሻቸው መሄድ ትችይ ነበር።»

«ወዴት? ያነሳሁትን ሳልመልስ ሄጄ አላውቅም።»

ሳጅኗ መጻፉን አቆመች።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ» አለች ሴትየዋ። «እኔ ምሰሶው አጠገብ ነኝ፣ ትንፋሼን ይዤ። ገመዱን ያዙት። ሦስት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ‹ይሄ ቦታው አይደለም› አሉ። ዝም አልኩ። ‹አንቺ ነሽ?› አሉ። ዝም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ‹ስትጨርሺ ከነበረበት መልሺው› አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።»



«አውቀው ነበር?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ልብስ ላሰጣ የፈታሁት መስሏቸው ይሆናል። ወይ ደግሞ አውቀዋል። እሱን ነው የማላውቀው።» እጆቿን አየች። ንጹህ ናቸው፤ ነጭ ጋዝ ይሸታሉ። «እንዳሉኝ መለስኩት። አሁን እናንተም ወንድሜን ከነበረበት መልሱልኝ።»

«ዛሬ ማታ ይወጣል።»

ሳጅኗ ክንዷን ያዘቻት። ሴትየዋ ከመሄዷ በፊት በጉልበቷ ወንበሯን ገፋ አደረገች፤ አራቱ እግሮች አራቱ ጉድጓዶች ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች፣ መሃል ላይ ስትደርስ ዞራ አለፈች። ሳጅኗም አብራት ዞረች።

ኢንስፔክተሩ ባዶው ሳሎን ውስጥ ብቻውን ቀረ። ቁልፉን ከመስኮቱ ደፍ አንስቶ ኪሱ ከተተው። በሩ ፊት ለፊቱ ነው፤ ስምንት እርምጃ፣ ወለሉ ላይ አንዲት ስንጥር እንኳን የለችም። ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው ብሎ ተነሳ።

ሦስት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ዞሮ አለፈ።